ከቋጥኙ እስከ ሾላው

ሚያዝያ 11

እማዬ፣

መጀመሪያ ለጥያቄዎችሽ ልመልስ፣ አለዚያ ደብዳቤዬን ሳትጨርሺው ትቀጂዋለሽ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ አልከሳሁም። አዎ፣ ማታ ማታ በሩን እቀረቅራለሁ። ውሻው አልሞተም፤ ማን ነው ሞተ ያለሽ? ወፍሮ መጮህ ሰልችቶት ነው። ሹፌሩ ከሆነ ያወራልሽ፣ የሱን ወሬ ግማሹን ብቻ ስሚ። ሙዛችንን ጭኖ ሲመጣ መንገድ ላይ ወሬ ይጨምርበታል። ግን ደብዳቤያችንን የሚያመላልስልን እሱ ስለሆነ አላስቀየምኩትም። አንቺም «ስልክ ጆሮዬ ውስጥ አይገባም» እያልሽ ሰው ላይ ከምትጮሂ መጻፉ ይሻልሻል።

ዳሌሽስ? «ደህና ነኝ» ብለሽ በአንድ ቃል አልፈሽዋል። የተሰበረ ዳሌ በአንድ ቃል አይታለፍም። ወንድሜ ቤት ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደረጃውን እንዴት እንደምትወጪው ጻፊልኝ።

ወደ እርሻው ልምጣ። የልብስ ስፌት ሱቄን ዘግቼ ስመጣ ሰው ሁሉ አብዳለች ነው ያለው። እዚህ ደግሞ መርፌ የለመደ እጅ ገጀራ አይችልም ይሉኛል። ይበሉ። በያንዳንዱ እግር ሙዝ ላይ ከሥሩ የሚበቅሉትን ልጆች ቀንሻለሁ፤ ፍሬ የያዘችውን እናት፣ ተከታይዋን ልጅና አንዲት የልጅ ልጅ ብቻ ነው የተውኩት። ልጅ ስመርጥም አባባ እንዳስተማረን ሁሌ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ነው። መሬቱን የደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ አልብሻለሁ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ አርቄዋለሁ። ዘለላ የከበዳቸውን ለመደገፍ ባላ አቁሜያለሁ።

ከባለወፍጮው እርሻ በሚዋሰነው በኩል ቅጠሉ ትንሽ ቢጫ ብሏል። ትንሽ ነው፣ አትጨነቂ። በወንዙ በኩል ያለው ረድፍ ደህና ነው።

ወንድሜ ለጻፈልኝ መልሴ «አይሆንም» ነው፣ ንገሪልኝ። የሚቀቀል ሙዝ ዘመኑ አልፎበታል፣ እርሻውን ለባለወፍጮው እንልቀቅለት፣ አንቺም እኔም እንረፍ ነው የሚለው። እኔ መቼ ደከመኝ አልኩት? ጋሼ ባለወፍጮው ራሳቸው በቀደም በአጥሩ ላይ ተደግፈው «አንቺ ልጅ፣ እስከ መኸር ከቆየሽ ባርኔጣዬን ሸልሜሻለሁ» አሉኝ። ባርኔጣቸው ያምራል እኮ።

ልጅሽ

ሚያዝያ 25

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የወንድምሽ ሚስት «ምን ተገኘ?» አለችኝ፤ «የጎደለውን እየፈለግኩ ነው» አልኳት። አንቺ ልጅ ሳለሽም እንዲሁ ነበርሽ። አንድ ነገር ሲሰበርብሽ ስላልተሰበረው አሥር ነገር ታወሪ ነበር።

ያልጠየቅኩሽን ስለ ውሻው ስብ ነገርሽኝ። የጠየቅኩሽን ግን ዘለልሽው። ቦዩን ጠርገሻል ወይስ አልጠረግሽም? ዝናቡ ሊገባ ነው፣ እኔ እዚህ መስኮት ላይ ተጎልቼ ደመናውን እቆጥራለሁ። ሙዝ ውሃ ይወዳል፣ ውሃ ላይ መቆም ግን አይወድም። ሥሩ በተቋጠረ ውሃ ውስጥ ከከረመ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይላል፣ ከዚያ ነፋስ አንዴ ሲነካው ዘለላውን እንደታቀፈ ይደፋል። «ትንሽ ቢጫ ብሏል» ማለት ምን ማለት ነው? ቢጫ ትንሽ የለውም!

የተቆረጠውን ግንድ እንደ ወደቀ አትተይው። ለሁለት ሰንጥቀሽ ሆዱን ወደ መሬት ድፊው፤ ያ ሥር የሚበላው ጥቁር ጢንዚዛ እዚያ ሥር ይሰበሰብልሻል፣ ጠዋት ገልብጠሽ ትለቅሚዋለሽ። መልቀሙን አትጸየፊ። አባትሽ ልብሱን ጭቃ ሲነካው እንኳን የሚጸየፍ ሰው ነበር፣ ጢንዚዛ ግን በእጁ ነበር የሚጨፈልቀው።

ስለ ዳሌዬ ጠይቀሻል። ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሎኛል። ደረጃውን በደንብ እወጣዋለሁ። ይኸው መለስኩልሽ፣ አሁን አንቺ መልሺ።

ባለወፍጮውን «ጋሼ» ማለትሽ ደግ ነው፣ አስተዳደግሽ ይታያል። ባርኔጣውን ግን አትመኚ፣ ቅማል አለው።

እናትሽ

ግንቦት 9

እማዬ፣

እሺ፣ ተይዣለሁ።

በወንዙ በኩል ያለው ረድፍ ደህና አይደለም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት አንድ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ከዚያ ረድፍ ግማሹ ሥሩ ወደ ላይ፣ ዘለላው ወንዙ ውስጥ። ሙዞቹ የቆሙት አፋፉ ጫፍ ላይ ነው። አባባ ምን ነክቶት ገደል ጫፍ ላይ እንደተከላቸው አይገባኝም። ልቤ ስለተሰበረ ነው ያልጻፍኩልሽ እንጂ ልደብቅሽ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልደብቅሽም ብዬ ነው።

ቢጫውም ትንሽ አይደለም። በባለወፍጮው ወሰን ያሉት ረድፎች ሁሉ ቅጠላቸው እንደ አሮጌ ጋዜጣ ሆኗል። አንዱን ቆፍሬ አየሁት፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ተኝቷል።

ስለ ቦዩ ግን እማዬ፣ ልመልስልሽ ያልቻልኩት የምትይው ነገር ስላልገባኝ ነው። የምን ቦይ? ከላይ እስከ ታች ዞሬ ፈለግኩ። ቦይ የሚባል ነገር እዚህ የለም። የቀን ሠራተኛውን ጠየቅኩት፤ «እትዬ ሁልጊዜ ቦዩን ጥረግ ይሉኛል፣ እኔም ጠርጌያለሁ እላቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል» አለኝ። ወይ ጉድ! ልደበድበው ነበር፣ በኋላ ሳስበው ሳቄ መጣ። አንቺ እግርሽ ከከበደ ወዲህ እስከዚያ ወጥተሽ አይተሽው አታውቂም፣ ለካ እሱ አውቆታል።

ሌላም አለ። ዝናቡ ሲያበቃ የመሬት ቀያሽ ይመጣል። የዚህን ኮረብታ እርሻ ሁሉ ለክቶ ወሰኑን በወረቀት ያሰፍራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነቀንቀውም አሉ። ጋሼ ባለወፍጮው ይህን ሲነግሩኝ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። ለምን ደስ እንዳላቸው አልገባኝም።

ልጅሽ

ግንቦት 21

ልጄ፣

ቦይ የለም ትለኛለች! አንቺን ሆዴ ውስጥ ይዤ በእነዚህ እጆቼ ድንጋይ የደረደርኩበትን ቦይ የለም ትለኛለች!

ስሚኝ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ከእርሻችን አናት ላይ ያ ትልቁ ቋጥኝ አለ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ልብስ የምታሰጪበት። ከታች ወንዙ በሚታጠፍበት ደግሞ ሾላው አለ። ቦዩ ከቋጥኙ እስከ ሾላው ነው። ቀጥ ያለ ነው፣ ወገቡ ላይ እንኳን አይታጠፍም፤ አባትሽ ጠማማ ነገር አይወድም ነበር። ጎንና ጎኑ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሯል። ከወፍጮው ግቢ የሚወርደውን ጎርፍ ይቀበልና ወንዙ ውስጥ ይጨምረዋል። በወዲህ በኩል፣ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ የእኛ ሙዝ ነው። በወዲያ በኩል የባለወፍጮው። ሌላ ወሰን አልነበረንም፤ አጥሩን በኋላ ነው እሱ ያመጣው።

አባትሽን ገደል ጫፍ ተከለ ያልሽው ነገር አንገብግቦኛል። የመጨረሻውን ረድፍ ሲተክል ከወንዙ አፋፍ እስከ ሙዙ ድረስ ከብት የሚነዳበት መንገድ ትቶ ነው። ጋሪ ያልፍበት ነበር! መንገዱ የት ሄደ?

አንድ ነገር ተሳስቷል። እኔ አላበድኩም፣ አንቺም ዓይንሽ ደህና ነው። እንግዲህ ገመድ አምጪና ከቋጥኙ እስከ ሾላው ወጥሪ፣ ያየሽውን ጻፊልኝ። እንዳትደብቂኝ። እኔ እዚህ የማደርገው የለኝም፤ የወንድምሽ ሚስት ሽንኩርት እንኳን አታስልጠኝም፣ «ይረፉ» ትለኛለች። ዕረፍት ሊገድለኝ ነው።

እናትሽ

ሰኔ 7

እማዬ፣

ወጠርኩት። ገመድ ስላልበቃኝ የስፌት ክሬን ገምጄ ቀጠልኩበት። አንዱን ጫፍ ቋጥኙ ላይ አሰርኩ፣ አንዱን ሾላው ላይ፤ ከዚያ ቆሜ አየሁት።

ሁለት ሙሉ የባለወፍጮው ረድፎች ከክሩ ወዲህ ናቸው። በእኛ በኩል።

ወዲያው ልጮህ ነበር፣ ግን ነገሩ አልገጥምልሽ አለኝ። ማንም መጥቶ አልተከላቸውም። ትልልቅ ናቸው፣ አንቺ ራስሽ ዓመት ዓመት ስታያቸው የኖርሽው ሙዝ ነው። ከእኛ ረድፍ ጋር ያላቸው ርቀትም እንደ ድሮው ነው፣ አልጠበበም። ቁጭ ብዬ አንዱን እግር ሙዝ ሳየው ዋልኩ። በፀሐይ መግቢያ በኩል የበሰበሰ የአምና ጉቶ። መሐሉ ላይ ፍሬ የያዘችው እናት። በፀሐይ መውጫ በኩል እኔ የመረጥኳት ልጅ። ያኔ ገባኝ፣ እማዬ። ሙዙ ይራመዳል!

እናቲቱ ፍሬዋን ሰጥታ ትቆረጣለች፣ ልጅቷ ከጎኗ ትተካለች፤ ያቺም ስትቆረጥ የሷ ልጅ ትንሽ ወዲያ ብላ ትቆማለች። ልጁን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ከተውሽው እግሩ በየዘመኑ አንዳንድ ስንዝር ይሄዳል። እዚህ ኮረብታ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ነው የሚተወው። እኛም፣ ባለወፍጮውም። ሁላችንም አብረን በአንድ ሰልፍ ስንሄድ ኖረናል፣ ስለዚህ ማንም አላየውም። እኛ ከፊታችን ወንዙ አለ፤ መንገዱን በላነውና አፋፉ ላይ ደረስን፣ አሁን ገደል እየገባን ነው። እሳቸው ከፊታቸው እኛ አለን። ከኋላቸው ባዶ የቀረውን መሬት ደግሞ አዲስ ረድፍ ተክለውበታል። ቦዩም በጉዝጓዛቸውና በአፈር ተሞልቶ ሙዛቸው በላዩ ተሻግሯል። ለዚህ ነው ውሃው እኛ ላይ የሚተኛው።

ሄጄ ነገርኳቸው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ዱቄት ለብሰው ቆመዋል። በትሕትና ነው የተናገርኩት፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ሳያውቁት ይሆናል» አልኩ። እኔን ሞኝ! ሳቁ። «እኔ መቼ አጣሁት» አሉኝ። «እኔ አልሄድኩም፣ ሙዙ ነው የሄደው። ሂጂና ሙዙን ክሰሺ።» «ቀያሹ የቆመ ነገር ነው የሚለካው፣ የቆመው ደግሞ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዱቄቱን አራገፉልኝ፣ ፊቴ ላይ።

ቆሽቴ አረረ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታውን አንስቻለሁ። እሱ ነው፣ እሳቸው የለም።

ወንድሜን እንዳትነግሪው። «አላልኳችሁም?» ሊል ነው።

ልጅሽ

ሰኔ 16

ልጄ፣

ወንድምሽ ያውቃል። ለካ ከባለወፍጮው ጋር በስልክ ይነጋገራሉ። ትናንት ከሥራ ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠና በለሰለሰ አፍ «እማ፣ ለሁለት ረድፍ ሙዝ ብለሽ ልጅቷን ከጎረቤት ልታጣያት ነው?» አለኝ። እርሻውን ለባለወፍጮው እንድለቅ የምፈርመው ወረቀትም ይዞ መጥቷል። ብዕር አቀበለኝ። እኔም ተቀበልኩትና ይኸው በሱ ብዕር ነው የምጽፍልሽ። ወረቀቱ ንጹሕ እንደሆነ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልፈርምም።

ልጄ ክፉ አይደለም። ደክሟታል ብሎ ነው የሚያስበው። እሱ ሰው ሲያርፍ ደስ የሚለው ይመስለዋል።

አሁን ስለ ሰውዬው። የሚያስቀኝ ነገር ልንገርሽ። አባትሽ ነበር እኮ ለሱ አባት ሙዝ መትከል ያስተማራቸው። የመጀመሪያውን ችግኝ ከእኛ ጓሮ ነው ተሸክመው የወሰዱት። ዛሬ ልጃቸው የእኛን ሙዝ የልጅ ልጅ ልኮ መሬታችንን ያስወስድብናል! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ።

አንቱታውን መልሺለት። እንዲህ ያለ ሰው ሲሰደቡት ደስ ይለዋል፣ የሚወራው ያገኛል። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» እያልሽ ቆፍሪ። ከየት መጀመር እንዳለብሽ ስሚኝ፤ ከሱ ረድፍ መሐል እንዳትጀምሪ፣ ገጀራውን ይዞ ይመጣብሻል። ከታች ከሾላው ጀምሪ። እዚያ የማንም ሙዝ የለም፣ የወንዝ ዳር ነው። የቦዩ አፍ እዚያ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ እንደ መቃን ግራና ቀኝ ቆመዋል። እነሱን ካገኘሽ ሌላው ራሱ ይመራሻል። ሰው ቢስቅብሽ ይሳቅ፣ አካፋውን ብቻ አትልቀቂ።

የተደፉትን ሙዞች ዝም ብለሽ አትመልከቻቸው። ሥራቸው ያልበሰበሰውን ልጆች ነቅለሽ፣ ጥቁሩን ልጠሽ ጥለሽ ነጩን አስቀሪና ደረቅ አፈር አልብሰሽ አቆዪያቸው። ይተከላሉ። የት እንደሚተከሉ እኔና አንቺ እናውቃለን።

እናትሽ

ነሐሴ 3

እማዬ፣

መልስ የዘገየው እጄ ስላበጠ ነው። አዎ፣ ጓንት አደርጋለሁ። አይ፣ ሐኪም ቤት አልሄድም፣ ውሃ የቋጠረ እጅ ነው፣ ይፈነዳል። አዎ፣ ወንድሜ ደውሎልኛል፤ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬው ዘጋሁት።

መቃኖቹን አገኘኋቸው። እንዳልሽው ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ሙሽራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከዚያ ወደ ላይ እየቆፈርኩ እስከ ረድፎቹ ጠርዝ ደርሻለሁ። ከዚያ በላይ የሚቀጥለው በባለወፍጮው ሙዝ ሥር ነው፣ አልነካሁትም። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። የኮረብታው ሰው እየመጣ ቆሞ ያየኛል። አንዷ ጎረቤታችን «ቀብር ነው የምትቆፍሪው?» አለችኝ፤ «አዎ፣ ምን ያህል ቁመት አለሽ?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን እሷ ናት የምታመጣልኝ።

ዝናቡ ሲከብድ ጉዱ ታየ። ውሃው በተቆፈረው በኩል እየፈሰሰ ወንዙ ገባ፣ ታችኛው እርሻችን ጠነከረ። ካልተቆፈረው በላይ ግን ውሃው መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰና ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ ደረሰ። ዱቄት ቤታቸው ረጠበ አሉ። ጠዋት ላይ ሠራተኛቸው አካፋ ይዞ ከቋጥኙ በኩል መቆፈር ጀመረ። ሰላምታም የለም፣ ማብራሪያም የለም። እኔም ከታች የቆፈርኩትን ጠረግኩ።

ይኸን ስጽፍልሽ ሹፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ስለ አንቺ ስጠይቀው ቶሎ ብሎ ጎማውን ማየት ጀመረ። ሰውዬው ወሬ ሲያጥረው አይቼው አላውቅም። እማዬ፣ ምንድን ነው የማታወሪኝ?

ልጅሽ

ጥቅምት 19

እማዬ፣

ቀያሹ መጥቶ ሄደ። ወሰኑ በወረቀት የሰፈረው ከቋጥኙ እስከ ሾላው ነው።

ትንሽ ሰውዬ ነው፣ ጫማው ትልቅ። ባለወፍጮው «የቆመውን ለካ» አሉት። እሱ ግን ከላይ በሠራተኛቸው፣ ከታች በእኔ የተከፈተውን ቦይ እያየ በጠርዙ ወረደ፤ መሐል ላይ ያልተቆፈረችው ቁራጭ ጋ ሲደርስ ራሱ አካፋ ተቀበለኝና የሙዙን ሥር ገለጥ ገለጥ አደረገ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ብቅ አለ። «ይኼን ማን ደረደረው?» አለ። «እናቴ፣ እኔን አርግዛ» አልኩት። ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰው፣ ጻፈ፣ ሄደ።

ባለወፍጮው አኩርፈው «እንግዲህ ገጀራሽን አምጪና ጨፍጭፊው፣ ሁለቱም ረድፍ ዘለላ ይዟል» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እንድጨፈጭፈው ፈልገው ነው፤ ከዚያ «ፍሬ የያዘ ሙዝ የጣለች» እየተባልኩ ልኖር። እኔ ፍሬ የያዘ ሙዝ አልጥልም። «ጋሼ፣ ዘለላውን እርስዎ ይቁረጡ፣ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። «ልጆቹንም ነቅለው ማዶ ይትከሉ። ሲመጡ በእግራቸው መጥተዋል፣ ሲመለሱ ግን በሸክም ነው።» ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ሊስቁ ነበር፣ ተመለሱ።

ባዶው መሬት ላይ አንቺ አቆዪ ያልሽኝን ልጆች እተክላለሁ። የቀረውን እርሻ ደግሞ አዙሬዋለሁ፣ እማዬ። ከአሁን በኋላ የምተወው በፀሐይ መግቢያ በኩል ያለውን ልጅ ነው። ሁሉንም፣ አንድ ሳይቀር። ረድፎቹ ከገደሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቦዩ ይመለሳሉ። ኮረብታው በሙሉ ስቆብኛል። «አባትሽ ያስተማረሽን ትሽሪያለሽ» ይሉኛል። ባለወፍጮውም በአጥሩ ላይ «የሄደው በአባትሽ ዘመን ነው፣ ለመመለስ ያንቺ ዘመን አይበቃም» አሉኝ። «ልጄ ታደርሰዋለች» አልኳቸው። «መጀመሪያ አግቢ!» አሉኝ። ከቀያሹ ቀን ወዲህ ከሰላምታ ሌላ ያወራነው ይኸን ነው። ባርኔጣቸውን አልጠየቅኳቸውም፣ መኸሩ ግን ገብቷል።

አሁን ያንቺን። ሹፌሩን ጭነት አላስጭንም ብዬ አስጨንቄው ተናገረ። ሐኪሙ ካሁን በኋላ ዳገት አትወጪም፣ ከዚያ ቤት አትወጪም ብሎሻል። ይህን ያለሽ በሚያዝያ ነው። «ደረጃውን በደንብ እወጣዋለሁ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ያኔ ነው! አንቺ ከገባሽ ጀምሮ አንድ ቀን ከዚያ በር አልወጣሽም። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩብሽ፣ አሁንም ተናድጃለሁ። እኔ ቢጫ ቅጠል ስደብቅሽ ሦስት ጊዜ አንብበሽ ያዝሽኝ፤ አንቺ እግርሽን ያህል ነገር ደበቅሽኝ።

እውነቱን ንገሪኝና እኔ ልምጣ። አንድ ቀን ብቻ ሙዙን ለጎረቤቴ ትቼ እመጣለሁ።

ልጅሽ

ጥቅምት 28

ልጄ፣

እሺ፣ እኔም ተይዣለሁ።

ሐኪሙ እንዳልሽው ነው ያለኝ። ወጣት ነው፣ ደግ ነው፣ የተማረውን ነው የነገረኝ፤ አልቀየምኩትም። ግን አልፈረምኩለትም።

አባትሽ ቢኖር ሙዙን ስታዞሪው ይቆጣ ነበር። ከዚያ ወርዶ ቦዩን ያያል፣ ማታ ሲተኛ ደግሞ «ይቺ ልጅ» ይላል። እኔ ግን አልቆጣም። ደግ አደረግሽ! ይሳቁ። የሳቁብሽን ሁሉ ስማቸውን ያዥልኝ፣ እኔ አናግራቸዋለሁ።

አትምጪ። የተተከሉት ልጆች ገና ሥር አልያዙም፣ ትተሻቸው ከመጣሽ እኔው ራሴ አላስገባሽም። ለዚህ ደብዳቤም መልስ አትጻፊ፣ የሚቀበልሽ አይኖርም። ካለፈው ወር ጀምሮ ወንድምሽ ሥራ ሲሄድ የደረጃውን ብረት ይዤ እወርዳለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ እወርዳለሁ። ሚስቱ መጀመሪያ ጮኸችብኝ፣ አሁን ከፊቴ እየወረደች ትጠብቀኛለች፤ ለሱ አልነገረችውም። ትናንት መሬት ረገጥኩ። ውጭ ያለው አየር የከተማ አየር ነው፣ ግን አየር ነው። ማታ ለወንድምሽ ነገርኩት። ሻንጣዬን ከላይ አወረደልኝ።

ሹፌሩ ይህን ደብዳቤ ሲሰጥሽ ከጎኑ ያለውን ወንበር እይ።

ወንበር ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ ከሾላው ጥላ ሥር አስቀምጪልኝ፤ እዚያ ሆኜ ውሃውንም ሰውዬውንም አያለሁ። ከጓሮ ደግሞ ጠንካራ ባላ ቁረጪ። ዘለላ ለከበደው ሙዝ ከምታቆሚው ትንሽ አጠር ይበል፣ ብብቴ ሥር እንዲገባ።

እናትሽ